እስከ ቤት ድረስ የሚከፈት ካርታ

ደረሳ ጉሉማን የሚረግሙ ሰዎች አሁንም አሉ። ይርገሙ፣ መብታቸው ነው። እኔ ግን ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ተቀምጫለሁና ማንም መጥቶ ስለሱ እንዲያስተምረኝ አልፈልግም። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮማ ያ ሁሉ ባልደረሰበት! ክፉ ሰው በየት በኩል እንደሚያመልጥ አስቀድሞ ያውቃል።

እኔ ዘርትሁን እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ ኦሮምኛውን ከጎረቤት፣ አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ ምላሴን ከእናቴ ወሰድኩ። በደርግ ጊዜ አንድ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ተዉት፣ ስሙ ቢጠራ ምን ይፈይዳል። ደረሳ ከኔ ፊት ለፊት፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ካርታ ይነድፍ ነበር።

ረጅም ነው፣ ከሲታ፣ የወንጌላውያን ልጅ። አይምልም፣ አይጠጣም፣ አይሳደብም። እጁ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አይጠፋም፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነጠብጣብ አታገኙም። «ኦቦ ደረሳ፣ አንተ ኃጢአት እንኳ ብትሠራ በማስመሪያ ለክተህ ነው» እለው ነበር። ይስቃል። ሳቁም አጭር ነው፣ ሥራ የሚያስፈታው ይመስል።

የተወለደው ከዲጋ ወዲያ ወንዝ ዳር ባለች መልካ ሆማ በምትባል ቀበሌ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ሚሊሺያ ሆኖ ኦጋዴን ዘመተና በዚያው ቀረ። እናቱ አዴ የሺአረግና ታናሽ ወንድሙ ነመራ ብቻ ቀሩት። ነመራን ያሳደገው ደረሳ ነው፣ ከደሞዙ ልብሱን፣ ጨውን፣ ኋላም አንድ በሬ ገዝቶለት። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። የመንደራቸው ልጅ ዋቅወያም አንድ በሬ ነበረው። ሁለቱ ልጆች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው፣ አንድ ቀን የአንዱን፣ ሌላ ቀን የሌላውን ማሳ ያርሳሉ። መቀናጆ ማለት በኛ አገር ከዘመድ አይተናነስም።

አዴ የሺአረግ ደረሳን አንድ ነገር ለምነውታል። እሱው ነው የነገረኝ። «አንዱን ኦጋዴን በላብኝ። አንተን ቢሮ ወሰደብኝ። ይሄን ልጅ ግን ማንም እንዳይነካብኝ» አሉት። ደረሳ የማይምል ሰው፣ በእግዚአብሔር ፊት ቃል ገባላቸው። ነመራ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲፈለግ ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ይመጣል። ኮታ ካልሞላ አፈሳ ነው። አፈሳ ደግሞ ዓይን የለውም። አብዮት ጠባቂው ገበያ ይከብና ከየትም ይምጣ ከየት ወጣት የተባለውን ይጭናል። ሰባት ልጅ ሰጥቶ «ተገላገልን» ያለ ቀበሌ በገበያ ቀን ሌላ አምስት ይቀማል። መልካ ሆማ ኮታዋ ሰባት ነበር። የማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ ጨመዳ ለዘመድም ለባዳም የማያደላ ሰው ነውና ዕጣ አስወጥቶ ሰባቱን ሰጠ። ነመራን ዕጣው አለፈው። ደረሳ ግን እንቅልፍ አልነበረውም። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስላል።

ታዲያ አለቃችን ጓድ አበጋዝ «የአውራጃውን የወጣት ይዞታ በአንድ እይታ የሚያሳይ ነገር እፈልጋለሁ» ሲል ደረሳ ተነሥቶ ቆመ። አበጋዝን አንቱ አልለውም፣ ከኔ አትጠብቁ። ደረሳ ግን በትሕትና «ጓድ፣ እስከ ታች የሚወርድ ካርታ ልሠራ እችላለሁ። ማን እንዳሟላ ማን እንዳላሟላ በቀለም ይታያል። ያሟላው ይተዋል፣ ያላሟላው ብቻ ይጠየቃል» አለው። ኋላ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘርትሁን፣ አፈሳው ዓይን ይኑረው። ዓይን ካለው መልካ ሆማን አይነካም» አለኝ። ሐሳቡ ይሄ ነበር። ወንድሙን በካርታ ሊያስጥል!

ሦስት ወር ሠራው። ስንት ካርታ አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ግድግዳውን የሚሞላ ኮምፔንሳቶ ላይ መጀመሪያ አውራጃው አለ። እያንዳንዱ ወረዳ በቅርጹ ተቆርጦ እንደ ትንሽ በር በማጠፊያ ይከፈታል። በሩን ስትከፍቱት ያው ወረዳ ሰፋ ብሎ ከነቀበሌዎቹ ይታያል። ቀበሌዎቹም እንዲሁ በር አላቸው። እነሱን ስትከፍቱ መንደሩ፣ መንገዱ፣ ወንዙ፣ ቤቶቹ ሳይቀሩ በቁጥር። ከቤቶቹ ሥር ኪስ አለ፣ ኪሱ ውስጥ የወጣቶቹ ስም ያለበት ካርድ። ካርዶቹን የመታሁት እኔ ነኝ፣ ጣቴ እስኪያብጥ። ደረሳ የደረደራቸው በቤቶቹ ተርታ ነው፣ ከወንዙ ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው፦ አንደኛ ቤት፣ ሁለተኛ ቤት፣ ሦስተኛ ቤት። ሦስተኛው የእናቱ ነው። ኮታውን የሞላ አረንጓዴ እስፒል፣ የጀመረ ቢጫ፣ ያልሞላ ቀይ ይሰካበታል። መልካ ሆማ ላይ አረንጓዴውን ሲሰካ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ነው የሰካው። እኔ አጨበጨብኩ።

ከላይ እንግዳ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አበጋዝ ካርታውን ሊፈትሽ ገባ። አንዱን ወረዳ ከፈተና መደመር ጀመረ። ሒሳብ ይወዳል፣ ሰው አይወድም እንጂ።

«ጓድ ደረሳ፣ ላይ አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥር ወጣት ይላል። ታች ስደምረው ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዘጠና። ስድስት መቶ ሃያው የት ገባ? በላሃቸው እንዴ?»

«ሠፋሪዎቹ ናቸው ጓድ። ከወሎ መጥተው ከወንዙ ማዶ የሠፈሩት። ጣቢያቸው ቀበሌ ስላልሆነ ታች ቦታ የላቸውም፣ የተቆጠሩት ወረዳው ላይ ነው። በኮታውም አልገቡም።»

«እንግዲያው ታች አንድ ቦታ ይግቡ።»

«ለጣቢያው የራሱን ድንበር ላስምርለት?»

«ያለ ደብዳቤ ድንበር ልታሰምር? አንተ ማነህ? ላይና ታች ይግጠም ብያለሁ። ቀዳዳ ያለበት ካርታ ለእንግዳ አላሳይም።» በሩን ወርውሮት ወጣ።

ጣቢያው ሦስት ቀበሌዎችን ያዋስናል። አንዷ መልካ ሆማ ናት። እኔ «ትልቁ ቀበሌ ላይ ጣላቸውና እንገላገል» አልኩት። ደረሳ በእርሳሱ ሦስቱን ቀበሌዎች አንድ በአንድ ነካ። ከዚያ «አይሆንም። የማያውቁትን ሸክም በሰው ቀበሌ ላይ ከምጭን የኛው ይሸከም። ቁጥር ነው፣ ምን ያደርጋል? ኮታችን ሰባት ነው፣ ሰባቱን ሰጥተናል፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው» አለ። የመልካ ሆማ ወጣት አንድ መቶ አርባ የነበረው ሰባት መቶ ስድሳ ሆነ። እኔው መታሁት። «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው ጨዋ ሰው» አልኩት ደግሞ። አፌ በተቆረጠ!

በማግሥቱ እንግዳው መጣ። ወፍራም፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ሁሉን ነገር በጣቱ ነካ ነካ የሚያደርግ ሰው ነው። ካርታውን ሲያይ እንደ ሕፃን ልጅ ደስ አለው። ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። አበጋዝ ኮቱ ሊቀደድ እስኪደርስ ደረቱን ነፋ። ደረሳ ጥግ ቆሟል፣ እኔ ማስታወሻ ይዣለሁ።

«አረንጓዴው በምን ተሰላ?» አለ እንግዳው።

«በተሰጠው ኮታ ጓድ» አለ ደረሳ።

«እሱማ አሮጌው ኮታ ነው። ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ ወጣት ያለው ብዙ ይስጥ። ከሃያ ወጣት አንድ። አሁኑኑ ቀይረው፣ እያየሁ።»

ፍትሐዊ! ይችን ቃል የሚናገር ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ አላምንም። ደረሳ እያንዳንዱን ቀበሌ ለሃያ እያካፈለ፣ ጮክ ብሎ እየጠራ እስፒል መቀየር ጀመረ። መልካ ሆማ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አካፈለው። ሰባት መቶ ስድሳ ለሃያ ሠላሳ ስምንት ነው። የሰጡት ሰባት። ሠላሳ አንድ ይጎድላቸዋል።

«ጓድ፣ እዚህ ላይ ስሕተት አለ» አለ። «ስድስት መቶ ሃያው ሠፋሪዎች ናቸው፣ የቀበሌው ልጆች አይደሉም። በቀበሌው ልክ ከታሰበማ ሰባት ነው የሚደርሳት፣ ሰጥታለች።»

«ታዲያ ማን ጨመራቸው?»

ደረሳ አበጋዝን አየው። አበጋዝ ጣሪያውን አየ። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ። «ካርታውን የሠራው እሱ ነው።»

እንግዳው አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። «ካርታው ይዋሻል እያልከኝ ነው? እንግዲያው ይሄ አሻጥር ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ጓዲት፣ ቁጥሩን የጻፍሽው አንቺ ነሽ? እንዴት ታዘዝሽ?»

ሁሉን ሰምቻለሁ። አበጋዝ «ታች አንድ ቦታ ይግቡ» ሲል ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ። አባቴ ታየኝ፣ ሱቁ ታየኝ፣ እስር ቤቱ ታየኝ። «እንደተሰጠኝ ነው የጻፍኩት» አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፣ እኔ ውስጥ ነቅዟል።

ደረሳ ቀዩን እስፒል ሰካ። አሻጥር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፣ በዚያ ቃል ተከሶ ሄዶ የተመለሰ ሰው ከኛ ሠፈር አላየንም።

«ስሞቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው አይደል?» አለ እንግዳው። «ድንቅ ነው! ከተርታው መጀመሪያ ሠላሳ አንድ ካርድ አውጣና ጓዲት ትጻፋቸው። በዚህ ሳምንት ይሰብሰቡ።» እጁን አበጋዝ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ምሳ ሊበሉ ወጡ።

ሁለታችን ቀረን። ደረሳ ካርዶቹን አንድ በአንድ ያቀብለኛል፣ እመታለሁ። አንደኛ ቤት። ሁለተኛ ቤት። ሦስተኛውን ካርድ አየው፣ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ዓይን ለዓይን ተያየን። አራተኛ ቤት ብዬ ቀጠልኩ። ሠላሳ አንድ እንዲሞላ ሠላሳ ሁለተኛው ካርድ ተጨመረ። የሠላሳ ሁለተኛው ቤት ልጅ ዋቅወያ ነበር። ስሙን ስመታ የመቀናጆው ልጅ መሆኑን አላስተዋልኩም። ደረሳ አስተውሏል።

አብዮት ጠባቂዎቹ ዝርዝሩን ይዘው መልካ ሆማ የገቡት ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ባለበት ሰዓት ነው። ከወንዙ ተነሥተው በተርታ ሄዱ። አንደኛ ቤት ገቡ፣ ልጁን አወጡ። ሁለተኛ ቤት ገቡ፣ አወጡ። የአዴ የሺአረግን በር አልፈው አራተኛው ቤት ገቡ። አገር ቆሞ እያየ! ነመራም በሩ ላይ ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው። ማን ካርታ እንደሚሠራ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ዋቅወያን ማሳው ላይ ይዘው ሲያስሩት በሬዎቹ እንደተጠመዱ ቆመው ቀሩ፣ የሱም የነመራም።

ከዚያ በኋላ አዴ የሺአረግን «አካም ቡልተኒ»፣ እንዴት አደሩ፣ የሚላቸው ሰው ጠፋ። እሳት ሊጭሩ ሲሄዱ በር ይዘጋባቸዋል። ወንዝ ሲወርዱ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። የዋቅወያ እናት አንድ ቀን በሬያቸውን እየነዱ መጥተው ደጃፋቸው ላይ አሰሩትና «ሁለቱንም እናንተው እረሱባቸው። ልጄን አርሳችሁበታል፣ በሬው ምን ይቀራል» ብለው ሄዱ። ነመራ ይሄን ሰማ። አልተቆጣም፣ አላለቀሰም ይላሉ። በሬውን ፈትቶ መልሶ የዋቅወያ እናት በረት አስገባና በዚያው ወደ ነቀምቴ መንገድ ጀመረ።

ምልምሎቹ ከከተማው ዳር አንድ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ነመራ በእግሩ መጥቶ ከበሩ ቆመና ዘበኛውን «ዋቅወያ በኔ ቦታ ነው የገባው። እኔ ልግባ፣ እሱን ልቀቁት» አለው። አስገቡት። ስሙን ጻፉት፣ ጸጉሩን ላጩት። ዋቅወያንስ? አልለቀቁትም። «ሁለታችሁም ትጠቅማላችሁ» አሏቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም በአንድ መኪና ወደ ሰሜን ጫኗቸው። ደረሳ ወሬው ደርሶት እየሮጠ ሲሄድ መጋዘኑ እየተጠረገ ነበር። ሲመለስ አየሁት፣ እንዲያ ያለ ፊት በሬሳ ላይም አላየሁም።

ካርታው ላይ መልካ ሆማ ከሠላሳ ስምንት ሠላሳ ዘጠኝ ሰጠች። አበጋዝ ጠራኝና «ከኮታ በላይ ላበረከተው ማኅበር የምስጋና ወረቀት ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። «ፈርምበት» ብዬ ለደረሳ አቀበልኩት፣ ካርታውን የሚመራው እሱ ስለሆነ የሱ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። አረንጓዴውንም እስፒል እሱው ሰካው። ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፣ ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም፣ ሥራውን ብቻ ነው ያሠሩት። እስከ ሰማንያ ሦስት ድረስ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሠራ። ነመራም ዋቅወያም አልተመለሱም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ያ ወረቀት የያዛቸውን አልለቀቀም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ግን እናቲቱ የመጡ ቀን ነው። መኪናው ከሄደ ሁለት ሳምንት አልሞላም። አዴ የሺአረግ ከመልካ ሆማ በእግራቸው መጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው ቢሮው ገቡ። ደረሳ ብድግ አለ። እሳቸው አላዩትም። በቀጥታ ካርታው ፊት ሄደው ቆሙ። ኦቦ ጨመዳ ነግሯቸዋል፣ በር በበር እየተከፈተ እስከ ቤታቸው የሚያደርስ ግድግዳ ነቀምቴ አለ ብሎ።

«ቤቴ የትኛው ነው?» አሉ በኦሮምኛ።

ደረሳ ወረዳውን ከፈተላቸው። ቀበሌውን ከፈተላቸው። ወንዙን አሳያቸው፣ ከወንዙ ሦስተኛውን ቤት አሳያቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። «ዛፏን እንኳ አልረሳህም» አሉት። አበጋዝ ድምፅ ሰምቶ ከክፍሉ ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ማሽኑ ላይ እጄን እንደጫንኩ ነኝ።

«እሺ» አሉ አዴ የሺአረግ። «እስከ ቤቴ ከፍታችሁ አግኝታችሁታል። አሁን ደግሞ ያለበትን ክፈትልኝ።»

«ሀርሜ» አለ ደረሳ፣ እናቴ ማለቱ ነው። «ሀርሜ፣ ከአውራጃው ውጭ አይሄድም። እዚህ ነው የሚያበቃው።»

ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አዩት።

«እንግዲያ ለምን ይጠቅማል?» አሉት።